ከሚስቴ ድርሻ የዋጥኩት ቢጫ ኪኒን

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይታማል። አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ በወሬ፣ አንዱ ደግሞ ሠርግ ቤት ሥጋ ሲያይ እጁን ባለመሰብሰቡ። እኔ የምታማው በጥርጣሬ ነው። እናቴ «ይኼ ልጅ ጡት እንኳ ስሰጠው መጀመሪያ ያሸትተው ነበር» ትላለች። ሐሜት ነው እንዳልል እውነት ይመስለኛል። ዛሬም ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት እግሩን ነቅነቅ አድርጌ እሞክራለሁ። መንገድ ላይ «ደህና አደርክ?» ያለኝ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልኩ እስከ ምሳ ሰዓት ስብሰለሰል እውላለሁ። አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ያሉት ለሌላው ሰው ምክር ነው፤ ለእኔ ግን የሥራ ዝርዝር ነው።

የሥራ ዝርዝር ያልኩት ለቀልድ አይደለም። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ከሸዋ ተመድቤ አሶሳ መጣሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር አዲስ ነበር፤ ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ። ወንበር ብቻ አልነበረም። የቢሮ ኃላፊያችን አንድ ወንበር ሲኖራቸው እኛ ስድስት ሠራተኞች በአንድ አግዳሚ እንቀመጥ ነበር። በዚህ ዳር ያለው ሳይናገር ከተነሣ በዚያ ዳር ያለው ይወድቃል። ስለዚህ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ስብሰባ ያስፈልገን ነበር።

በግምጃ ቤት ደንብ ዕቃ ሲመጣ ዝም ብሎ አይገባም። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይከፍተዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ናሙና ወስዶ ያያል፣ «ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባለውን የገቢ ደረሰኝ የምቆርጠው። ይህን ደንብ ከመውደዴ የተነሣ ቤቴ ይዤው ገባሁ። ባለቤቴ ብርቄ ከቅዳሜ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ በር ላይ የሚጠብቃት ኮሚቴ እኔ ነኝ። ቲማቲሙን አገላብጣለሁ፣ ጨውን እቀምሳለሁ። ብርቄ አስተማሪ ናት፤ አርባ ልጅ ታግሣ ትውላለች፤ አርባ አንደኛው እኔ ነኝ።

ወግ ልንገራችሁ ብዬ ጀምሬ ላሳዝናችሁ አልፈልግም፤ ግን ይህን ሳትሰሙ የቀረው አይገባችሁም። አሶሳ በገባን በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደ። ወንድ ነበር። ከወገቡ ከፍ ብሎ ጀርባው አልተገጠመም፤ ክፍት ነበር። አምስት ቀን ኖረ። ሰዎች «ስም እንኳ ሳይወጣለት» እያሉ ያዝናሉ። እኔ ግን አውጥቼለት ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬዬ የቀልድ መሆኑ ቀረ። የጠጣችው ውሃ ይሆን? የበላችው ይሆን? ወይስ ያ ሁለት ቀን ሙሉ በጭነት መኪና የተንገላታችበት መንገድ? የጠየቅኩት ሁሉ «የአምላክ ሥራ ነው» አለኝ። ይህም ቢሆን ናሙናው የሚታይበትን ቦታ አላገኘሁም።

ዓመት አለፈና ብርቄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላ መጣች። እዚያ ሲስተር ጥሩነሽ የምትባል የቡለን አገር ልጅ አለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን ሳይሆን ጉሮሮውን የምታይ ነርስ ናት። ብርቄ ቦርሳዋን ከፈተችና ትንሽ የወረቀት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮሚቴው ወዲያው ተሰበሰበ።

«ምንድን ነው?»

«ኪኒን ነዋ። በቀን አንድ።»

«ምን አመመሽ?»

«ምንም አላመመኝም።»

«ያላመመው ሰው ኪኒን ይውጣል?»

«ለሚመጣው ልጅ ነው» አለች። ድምጿ ዝግ አለ። «የልጅ አከርካሪ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው አለችኝ፤ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ ካረገዙ በኋላ መጀመር ይዘገያል። ያለፈው ስለደረሰብን ለእኔ ከፍ ያለውን መጠን ነው ያዘዘችልኝ፤ ለሌላዋ ሴት ትንሹ ይበቃል። ሦስት ወር አስቀድሜ እወስዳለሁ፣ ካረገዝኩ በኋላም ሦስት ወር እቀጥላለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ እንጠብቃለን። ሦስቱ ወር ሳይሞላ ባላረግዝ ይሻላል ብላለች።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልጅ እንድንወልድ የሚሰጥ መድኃኒት የመጀመሪያ ትእዛዙ «አትውለዱ» ከሆነ፣ እንኳን እኔ፣ የዋህ የተባለ ሰውስ አይጠረጥርም? ከረጢቱን አነሣሁና የተጻፈበትን አነበብኩ። ፎሊክ አሲድ ይላል። አሲድ! እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ያለኝ አሲድ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ነው፤ አንድ ጠብታው ሱሪዬን ጉልበቱ ላይ በስቶ ወጥቷል። ብርቄ «እሱ ሌላ ይኼ ሌላ፣ ይኼ የቫይታሚን ስም ነው፤ ጎመን ውስጥም አለ» ብላ ሳቀችብኝ። ጎመን ሱሪ አይበሳም ብዬ ከረጢቱን መለስኩላት።

በማግስቱ ነገሩን ለጋሽ ይመር አዋየሁት። ጋሽ ይመር የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣ፣ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ የሚል ሰው።

«አንተዬ» አለኝ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ «እኔንም እኮ እንዲሁ ነው ያሉኝ። መሬት በሽ ነው፣ ትራክተር ያርስልሃል፣ አንተ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ማየት ነው አሉኝ። ይኸው ትራክተሩን እስተዛሬ እየጠበቅሁት ነው። በልመና የሚገኝ መድኃኒት እንኳ ጭንቅ ነው፤ ሳትታመም ና ውሰድ ካሉህ ወላሂ ነገር አለው። ገበያ ላይ ያን ሥዕል አላየህም? ሁለት ልጅ ታቅፋ የምትስቀዋን ሴትዮ?»

አይቻታለሁ። የቤተሰብ ምጣኔ ሥዕል ነው፤ ገበያው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

«ያ ነው እንግዲህ» አለ ጋሽ ይመር። «መውለጃ ብለው ማቆሚያ ሰጥተዋችሁ ይሆናል።»

ነገሩ ልቤ ላይ ቁጭ አለ። ብርቄን ተዪ ብላት አትሰማኝም። ሲስተር ጥሩነሽን ልጠይቅ ብል ጉሮሮዬን ታያለች። የቀረኝ ደንቡ ነው፤ ናሙና መውሰድ።

የመጀመሪያው ናሙና ተቀባይ የአከራያችን የእማማ ሐሊማ ዶሮ ነበረች። እማማ ሐሊማ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። ልጃችን የሞተ ዕለት ከእኛ እኩል ያለቀሱ፣ ከዚያም ወዲህ የማንጎ ወቅት ሲሆን የመጀመሪያውን ሳያመጡልን የማይቀምሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን አንድ ቃል አይባክንም። እኔም የእኚህን ደግ ሴትዮ ዶሮ ጠርቼ አንዲት ቢጫ ኪኒን አድቅቄ ከማሽላ ጋር መስኮታችን ሥር አበላኋት።

ዶሮዋ በማግስቱ እንቁላል አቆመች!

ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ጋሽ ይመር «አላልኩህም?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ነገሩን እንደ ዋዛ አድርጌ እማማ ሐሊማን ጠየቅኳቸው፤ «ዶሮዋ ምነው እንቁላል ተወች?»

«ዶሮ መታቀፍ ፈልጓል» አሉኝ። «እንቁላል በቃ ብሏል። አሁን ጫጩት ይፈልጋል።»

ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኪኒኑ እንቁላል ያስቆማል ወይስ ጫጩት ያስመኛል? ኮሚቴው በሁለት ተከፈለ። ኮሚቴው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ራሴን አመመኝ። በመጨረሻ ዶሮ እንደማትበቃና ናሙናው በሰው መሞከር እንዳለበት ወሰንኩ። ሰው ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ማቆሚያም ከሆነ ወንድ ነኝና ምን ያደርገኛል? መርዝ ከሆነ ደግሞ እሷን ከሚያገኛት እኔን ያግኘኝ። አያችሁ፣ ሞኝነትም ሲመጣ ጀግና መስሎ ነው የሚመጣው።

ጠዋት ጠዋት ብርቄ የድርሻዋን ውጣ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ደግሞ መስኮቱ ላይ የምታኖረውን ከረጢት ከፍቼ አንዷን ወደ አፌ እወረውራለሁ። በየቀኑ የሚወሰድ ነገር በየቀኑ መመርመር አለበት። ሳምንት ሆነኝ። ምንም አልሆንኩም። ምንም አለመሆኔ ራሱ አጠራጠረኝና ቀጠልኩ።

ሠላሳዋ ኪኒን ታዲያ በአሥራ ስምንት ቀን አለቀች። ብርቄ ግራ ገባት። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሲስተር ጥሩነሽ ለክትባት ገጠር ወርዳለች፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ብርቄ አሥር ቀን ባዶ እጇን ጠበቀች። ሲስተሯ ስትመለስም ተቆጣቻት፤ «በቀን ሁለት ትወስጂያለሽ እንዴ? በመብዛቱ የሚፋጠን ነገር የለም። አንድ ቀን ብትረሺ እንኳ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም፤ በአንዷ መቀጠል ነው። አሁን ከመሐል ስለተቋረጠ ሦስቱን ወር ከዛሬ እንቆጥራለን።»

ብርቄ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሃያ ስምንት ቀን ሄዶባታል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «አይዞሽ» እላለሁ፤ የበላሁት እኔ!

«የእማማ ሐሊማ ዶሮ ናት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «መስኮቱ ሥር ቢጫ ዱቄት ስትለቅም አይቻታለሁ።»

ያኔ ነበር መናገር። አልተናገርኩም። አንዲት ጫጩት የተመኘች ምስኪን ዶሮ በእኔ ወንጀል ተከሰሰች፤ እኔም «ዶሮ መቼም አይታመንም» ብዬ ምስክርነት ጨመርኩ። ሲስተሯ ከሙቀትና ከእርጥበት ይራቅ ብላ ነበርና ብርቄ አዲሱን ኪኒን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጣሳ ውስጥ ከታ፣ ከመስኮቱ አንሥታ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ዶሮ የማትደርስበት ቦታ ነው። እኔ ግን ቁመቴ ይደርሳል። ይተዋል ብላችሁ ነበር? እኔም ብዬ ነበር። ግን ምርመራ ተጀምሮ አይቋረጥም፤ ደግሞም አዲሱ ከረጢት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ማን ያውቃል?

በዚህ መሐል ወባ ያዘኝ። አሶሳ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ያልያዘው ሰው እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜን ሰጠሁና ያችን ሦስት ሆና ባንዴ የምትዋጠዋን መድኃኒት ሰጡኝ። ዋጥኩ። ጠዋት ቢጫዋንም ጨመርኩባት፤ ቫይታሚን ከሆነች ታበረታኝ ይሆናል አልኩ። ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ሰጡኝ፣ እንደገና ተንቀጠቀጥኩ። የዓመቱ ዕቃ ቆጠራ ደርሶ ስለነበር የቢሮ ኃላፊያችን ጠረጠሩኝ፤ «ይኼ ሰው የሚንቀጠቀጠው ቆጠራውን ሲያስብ ነው» አሉ። ጋሽ ይመር ቡዳ ጠረጠረ። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ጠረጠርኩ።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ ሁሉ የአሶሳ ሙቀት ጋቢ ተከናንቤ፣ ብርቄ በግራ እማማ ሐሊማ በቀኝ ደግፈውኝ ጤና ጣቢያ ገባሁ። በር ላይ ያለው አግዳሚ በታካሚ ተሞልቷል። የቀረችኝን ጉልበት ሰብስቤ ጮህኩ።

«ይኼ መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነው! ብልቃጡ ይምጣና ልየው! እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ!»

ሲስተር ጥሩነሽ ብልቃጡን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አነበብኩ። ቀኑ ገና ነው። ማኅተሙም ደህና ነው።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎ» አለች። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

ጉሮሮዬን አየችው።

«አለ እንጂ» አሉ እማማ ሐሊማ።

የእኛና የእሳቸው ቤት የሚለየው በሸመል፣ በቀርከሃ ግድግዳ ነው። ሸመል ነፋስ ያስገባል፤ ምስጢር ግን አይቋጥርም።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «ብርቄ ትምህርት ቤት ሲሄድ እሱ ጣሳ ያወርዳል። ቢጫ ደዋ፣ መድኃኒት ይውጣል፣ ውሃ ይጠጣል። በየቀኑ ነው። ወላሂ የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሚስት ደዋ ይውጣል፣ ባል ደዋ ይውጣል። የሚያረግዘው ማን ነው?»

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ትኩሳት ላይ ያለ ሽማግሌ ሳይቀር ብርድ ልብሱን ነክሶ ሳቀ። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም። ክንዴን የያዘው እጇ ላላ።

ሲስተሯ ሳቋን እንደምንም ዋጠችው። «እርስዎ ሰውዬ፣ ወባዋ ሰውነት ውስጥ የምትራባው ከዚሁ ከቢጫው ኪኒን ዘር በሆነ ነገር ነው። እኛ የሰጠንዎ መድኃኒት የሚገድላት ደግሞ ያንን እየከለከለ ነው። በዚያ ላይ ይህ ከፍ ያለው መጠን ነው። እኛ በር ዘግተን በረሃብ ልንፈጃት ስንታገል እርስዎ በመስኮት ይቀልቧታል።» ከዚያ ወደ ብርቄ ዞረች። «አንቺም ስሚ። ወባ ቢይዝሽ፣ ሌላ ማንኛውም መድኃኒት ቢታዘዝልሽ፣ ይህን እንደምትወስጂ አስቀድመሽ ተናገሪ። በራስሽ መጨመርም ማቆምም የለም።»

«ታዲያ የወሊድ መከላከያ አይደለም?» አልኩ እኔ። አመመኝ እንጂ አልተውኩም።

«አይደለም!» አለች። «ለመሆኑ ለምን ዋጡት?»

ስለ ኮሚቴ፣ ስለ ናሙና፣ ስለ ጋሽ ይመር ትራክተር ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ሌላ ነው።

«አንድ ነገር ቢሆን በእኔ እንዲሆን ነው» አልኩ። «ሌላ ልጅ መቅበር አልችልም።»

ሳቁ ቆመ። ሲስተሯ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጌታዬ፣ በእርግጠኝነት ይህ አይደርስም ብዬ አልምልልዎትም» አለች። «ግን አደጋውን በብዙ ይቀንሰዋል። ለዚህ ነው እንዳይቋረጥ የምለምናችሁ።» ከዚያ መድኃኒቱን ቀይራ ኩዊኒን አዘዘችልኝ።

ብርቄ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አንተ ብቻ ነህ የቀበርከው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግራለች። «ልጄን አዘገየህብኝ» ብላለች፣ «እኔን አትጠይቅም?» ብላለች። ኩዊኒኑ ጆሮዬን ጭው እያደረገ ስለደፈነው ግማሹ አምልጦኛል። የመጀመሪያዋ ግን አላመለጠችኝም። የሰውን ሁሉ ነገር ስመረምር ስኖር የእሷን ኀዘን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ያን ዕለት ለልጃችን ያወጣሁለትን ስም ነገርኳት። እሷም ሌላ ስም አውጥታለት ኖሯል። ሁለታችንም ተቀምጠን አለቀስን።

ሲሻለኝ ቤታችን አዲስ ደንብ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ጣሳውን የማወርደው እኔ ነኝ፣ አንዷን ኪኒን በመዳፏ የማስቀምጥላትም እኔ፣ ውሃውን የማቀብለውም እኔ። ከዚያ እማማ ሐሊማ ባሉበት አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሣለሁ። እማማ ሐሊማ አጎንብሰው ያያሉ፣ «ባዶ ነው» ይላሉ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ዶሮዋን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አሥራ አንድ ጫጩት ፈልፍላ ስለነበር ጊዜ አልነበራትም። ጋሽ ይመርም ሁሉን ከሰማ በኋላ አገጩን አሻሽቶ «እንደው ጥርጣሬዬ እንዳለ ሆኖ፣ ልጄ ለጥር ትዳራለች፤ ከሠርጉ በፊት ሲስተሯ ጋ ልስደዳት?» አለኝ። ዛሬ ነገ ሳትል አልኩት።

ሦስቱ ወር ሞላ። ብርቄ አረገዘች። እንደታዘዘችው ቀጠለች፣ ክትትሏንም አላቋረጠች። እኔ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ያልጠረጠርኩት የለም፤ ነፋሱንም፣ ዝናቡንም፣ የምትስቅበትን ሰዓትም። ግን ጣሳው ውስጥ ያለውን አልጠረጠርኩም።

አንድ ማለዳ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከእማማ ሐሊማ ጋር ቆሜ ሳለሁ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ሲስተር ጥሩነሽ ጠራችኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ነገር ክንዴ ላይ አኖረች። እኔም እንደ ልማዴ ፈታሁት። ቀስ ብዬ ደረቱን በመዳፌ ደግፌ አዞርኩት። ከማጅራቱ ጀምሬ በአንድ ጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ገጥሟል። አላመንኩም፤ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። እንደገና ገጥሟል።

ብርቄ ከአልጋዋ ሆና በደከመ ድምፅ «ኮሚቴው ምን ይላል?» አለችኝ።

«ደህና ነው» ከማለቴ በፊት ጣቴን ለሦስተኛ ጊዜ ማጅራቱ ላይ አስቀመጥኩ።

እማማ ሐሊማ መጠበቁ አስመርሯቸው በሩን ከፈት አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። «ምንድን ነው? ወንድ ነው? ሴት ነው?»

«አላየሁም» አልኳቸው።